ጥሎን የሄደውን አሠልጣኝ መርሳት ለምን አቃተኝ?

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የተመረቅሁትም እዚሁ ኮሌጅ ፓርክ ከሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጉዳዬን ሲያነቡ ይስቁብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ካለፈው መጋቢት ወዲህ ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ብሎኛል።

አባቴ ዋሽንግተን መሀል ከተማ በፓርኪንግ ሥራ ሌሊት የሚያድሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለታችንን የሚያገናኘን የዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። እረፍታቸው ጨዋታ ካለበት ቀን ጋር ከገጠመ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናያለን፤ ስለ ትምህርቴም ሆነ ስለ ሥራዬ የጠየቁኝ ሁልጊዜ በጨዋታ እረፍት ላይ ነው። ያለፈው ዓመት ቡድን ደግሞ ልዩ ነበር። አምስቱን ቋሚ ተሰላፊዎች ሰው ሁሉ «ክራብ ፋይቭ» (አምስቱ ሸርጣኖች) ይላቸው ነበር፤ ሸርጣን በዓይናቸው ማየት የማይወዱት አባቴ እንኳን ስሙን ለምደውት ነበር። ዴሪክ ኩዊን ሲያትል ላይ በመጨረሻዋ ቅጽበት ኳሷን አግብቶ ኮሎራዶ ስቴትን 72 ለ71 ያሸነፍን ዕለት፣ አባቴ ከሶፋው ብድግ ሲሉ የቡና ስኒያቸው ምንጣፉ ላይ ተደፋ። እናቴ ስትቆጣ እሳቸው እየሳቁ እኔን አቀፉኝ። አባቴ ያቀፉኝን ቀን በጣቴ መቁጠር እችላለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ በፍሎሪዳ ተሸነፍን፤ ከሦስት ቀን በኋላ አሠልጣኙ ኬቨን ዊላርድ ወደ ቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ከአምስቱ አንድም የቀረልን የለም። እኔ ጨዋታ ማየት አቆምኩ። የማይገባኝ ግን ይህ ነው፤ ማየት ካቆምኩ በኋላም ሰውዬውን መተው አልቻልኩም። ቪላኖቫ የሚጫወትባቸውን ቀኖች ስልኬ ላይ መዝግቤያለሁ፤ እንዲሸነፉ እየተመኘሁ ለመከታተል ነው። ጓደኞቼ «ሚስትህ የሄደች አስመሰልከው» እያሉ ይቀልዱብኛል።

በቅርቡ አባቴ «ልጄ፣ ሰውዬው እንጀራውን ነው የተከተለው፤ እኔስ ስንት ሥራ ለቅቄያለሁ?» አሉኝ። እኔም ተናድጄ «እርስዎ የለቀቁት ፓርኪንግ ነው፤ ፓርኪንግ ደግሞ ደጋፊ የለውም» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ኳስ አንስተውብኝ አያውቁም። የሥራ ባልደረባቸው ግን ለአዲሱ የውድድር ዘመን አንድ ጨዋታ ሁለት ቲኬት እንደገዛላቸው ከእናቴ ሰማሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን በተሰጠን የቀን መቁጠሪያ ላይም ቀኑን በእስክርቢቶ ከበውታል። እኔ ግን ቡድኑ የሚጫወትበት አዳራሽ፣ ኤክስፊኒቲ ሴንተር መግባት አልፈልግም። በማያውቀኝ ሰው ይህን ያህል መቀየሜ ልጅነት ነው? ቡድኑንስ እስከ ወዲያኛው ብተወው ምን አለበት?

ብ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውድ ብ.፣

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሳልስቅ ነው። ሰውዬው አያውቅህም፤ አንተ ግን ለሦስት የውድድር ዘመን በየሳምንቱ ሳሎናችሁ ስታስገባው ኖረሃል፤ ሲቆጣም፣ ሲደሰትም፣ ሲሸነፍም አይተኸዋል። በዚያ ላይ የኮሌጅ አሠልጣኝ እንደ ፕሮፌሽናል ክለብ አሠልጣኝ አይደለም። የሚመራው አንተ የተማርክበትን፣ ዲፕሎማው ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለውን ትምህርት ቤት ስለሆነ «እኛ» ሲል አንተም ውስጡ ነበርህ። ስለዚህ መቀየምህን ልጅነት አልለውም።

ይልቅስ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሠልጣኙ የሄደው ወደ ኤንቢኤ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ያምህ ነበር? አይመስለኝም። ወደ ላይ የወጣን ሰው «ዕድል አገኘ» ብሎ መሸኘት ይቻላል። እሱ ግን የሄደው በመኪና የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ወደማይሞላ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይህም አንተ የምትኮራበትን ቦታ መዝኖ «አልበቃኝም» ያለ አስመስሎታል። እኔ ከደብዳቤህ ያነበብኩት ይህን ነው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። እውነት ከሆነ ግን የቆሰለው ክብርህ ነው፣ ለክብር ቁስል ደግሞ የቪላኖቫን ሽንፈት መጠበቅ መድኃኒት አይሆንም።

እስቲ የሆነውን ለሁለት ከፍለን እንየው፤ መሄዱ አንድ ነገር ነው፣ አካሄዱ ሌላ።

ስለ መሄዱ የእሱን ወገን ለመስማት ሞክር። ኬቨን ዊላርድ በሲያትል የመጀመሪያው ጨዋታ ከመደረጉ በፊት በጋዜጠኞች ፊት የተናገረውን ሳትሰማው አልቀረህም። ተጫዋቾቹ በገና ሰሞን ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሌሊት ጨምረው እንዲያድሩ ቢጠይቅ ወጪው በዛ መባሉን ገልጾ፣ በዚህ ዓይነት ከታላላቆቹ ቡድኖች ጋር መሰለፍ እንደሚያዳግት ተናግሮ ነበር። በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር ወደ ቴክሳሱ ሳዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ሊሄዱ ነው መባሉ ተሰማ፤ ሄዱም። አለቃው የሚሄድበት ሠራተኛ የነገውን ማሰቡ አይቀርም። ገንዘቡም ቀላል ጉዳይ አልነበረም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገቢ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ ማከፋፈል እንዲችሉ የፍርድ ቤት ስምምነት መንገድ ከፍቷል። ሜሪላንድ ባለበት፣ ቢግ ቴን በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ ውስጥ ከዚያ ገንዘብ ብዙውን የሚውጠው የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ቪላኖቫ ግን ያን የሚያህል የፉትቦል ቡድን የማስተዳደር ሸክም የለበትም፤ እዚያ ቅርጫት ኳስ የበኩር ልጅ ነው። የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ይህን አስልቶ ቢሄድ ሒሳቡ አይገባኝም ልንል አንችልም።

አካሄዱ ላይ ግን ቅሬታህን እጋራለሁ። ብሶቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ልጆቹ የዓመቱን ትልቁን ውድድር ሊጀምሩ ሲሉ በአደባባይ መነገሩ፣ ከዚያም ስለ ቆይታው ቁርጥ ያለ ቃል ሳይሰጥ ጨዋታዎቹ ማለፋቸው ለእነሱም ሆነ ለእናንተ ከባድ ነበር። ቡድኑ ከ2016 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፉ ውድድር ከመጨረሻዎቹ አሥራ ስድስት ቡድኖች አንዱ ሲሆን፣ የደጋፊው ደስታ ግማሹ «ይሄዳል ወይስ ይቆያል» በሚል ወሬ ተበላ። (ተጫዋቾች የሚዘዋወሩበት ፖርታል የተከፈተው በፈረንጆቹ መጋቢት 24 ቀን፣ ውድድሩ ገና ሳያልቅ መሆኑን ግን አትርሳ። ይህን የቀን አቆጣጠር ያወጣው ሰው ስለ ደጋፊ ያሰበ አይመስለኝም፤ አሠልጣኞቹንም ከሁለት ሰይፍ መሀል ያስቀመጠ ነው።) ስለዚህ «አካሄዱ ደስ አላለኝም» የማለት መብት አለህ። ይህን ስሜት ለማጥፋት መታገል አያስፈልግህም፤ ልኩን ብቻ ስጠው።

አሁን ደግሞ ትንሽ የሚያስቸግር ጥያቄ ልጨምር። ዊላርድ በ2022 ወደ ኮሌጅ ፓርክ ሲመጣ የመጣው ከኒው ጀርሲው ሲተን ሆል ነበር፤ እዚያ አሥራ ሁለት የውድድር ዘመን አሠልጥኗል። በዚያ ሳምንት አንተ ተደስተህ ነበር? ከተደሰትክ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እንደ አንተ የቆዘመ ደጋፊ ትዝ ብሎህ ነበር? የሜዳችሁ ወለል የተሰየመበት ጋሪ ዊሊያምስም ቢሆን ቀድሞ ቦስተን ኮሌጅን፣ ቀጥሎ ኦሃዮ ስቴትን አሠልጥኖ ነው በ1989 ወደ ተማረበት ሜሪላንድ የተመለሰው። ለእናንተ ታማኝነት የሆነው ያ መመለስ ለኦሃዮ ደጋፊዎች ጥሎ መሄድ ነበር። ሰውዬው ሃያ ሁለት ዓመት ባይቆይ፣ በ2002ም አትላንታ ላይ ኢንዲያናን 64 ለ52 አሸንፎ ብቸኛውን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ብሔራዊ ዋንጫችሁን ባያመጣ ኖሮ፣ ወለሉም በስሙ ባልተጠራ። ይህን የምነግርህ «ስለዚህ አትቀየም» ለማለት አይደለም። አንድ ሰው በአንዱ ከተማ ከዳተኛ፣ በሌላው ባለውለታ ሊባል እንደሚችል ካየህ ግን፣ የዚህን ሰው ባሕርይ ሌሊት ተቀምጦ መፍረዱ እንደማያዋጣህ ይታይህ ይሆናል።

የሌሎች ደጋፊዎች ነገርም ትንሽ ያስተምራል። ጆን ካሊፓሪ አሥራ አምስት የውድድር ዘመን ካሠለጠነው ኬንታኪ በ2024 ወደ አርካንሳስ ሄዶ፣ በየካቲት 2025 መጀመሪያ ወደ ሌክሲንግተን በእንግድነት ሲመለስ አዳራሹ በተቃውሞ ጩኸት ተቀበለው፤ የእሱ አርካንሳስ ግን 89 ለ79 አሸንፎ ወጣ። በጩኸቱ የተጽናና ደጋፊ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ሮይ ዊሊያምስ ደግሞ በ2003 ካንሳስን ለዋንጫ አድርሶ ከተሸነፈ በኋላ በቀናት ልዩነት ወደ ተማረበት ኖርዝ ካሮላይና ሲሄድ፣ የካንሳስ ሰው ለዓመታት ስሙን በመልካም አላነሳም። በ2008 ካንሳስ የእሱን ቡድን በግማሽ ፍጻሜ 84 ለ66 አሸነፈው፤ እሱም በፍጻሜው ዕለት የካንሳስን ምልክት ደረቱ ላይ ለጥፎ ተመልካች ወንበር ላይ ተገኘ። ያም ሆኖ ያኮረፈውን ሁሉ አልመለሰም። ቅያሜ የየራሱ ዕድሜ አለው፤ የአንተም አሁን ወራት ብቻ ነው ያስቆጠረው፤ እንዲያልፍ አታቻኩለው፣ በየቀኑም አትመግበው።

መመገብ ያልኩት የስልክህን ነገር ነው። የቪላኖቫን መርሐ ግብር መዝግበህ መጠበቅ ማለት በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዘህ ከሰውዬው ጋር መገናኘት ማለት ነው። ቢሸነፍ ደስታህ እስከ ማግስቱ አይዘልቅም፤ ቢያሸንፍ ሌሊትህ ይበላሻል። እኔ ብሆን ዛሬውኑ አጠፋው ነበር። ካልቻልክ ደግሞ አንድ ወር ብቻ ሞክረው፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱን የማወቅ ፍላጎትህ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል ብለህ ራስህን ጠይቅ።

የጓደኞችህን ቀልድ እለፈው፤ ከመካከላቸው የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ደጋፊ ካለ የራሱ ቀን ይመጣለታል።

ከደብዳቤህ ሁሉ እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፤ አንተ በሁለት መስመር ያለፍከው። አባትህ «እኔስ ስንት ሥራ ለቅቄያለሁ?» ሲሉህ ስለ አሠልጣኙ የሚናገሩ መስሎህ ነበር። ደግመህ አንብበው እስቲ። እኚህ ሰው አገር ለቅቀዋል፤ ምናልባት የሚያከብሯቸው የሥራ ባልደረቦችና የሚያውቃቸው ሰፈር ትተዋል፤ እዚህ ከመጡ በኋላም ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሄዱ «አትሂድብን» ያላቸው ሰው ላይኖር ይችላል። ዝምተኛ አባት በጥያቄ መልክ ስለ ራሱ ተናገረ ማለት በር ከፈተ ማለት ነው። አንተ ደግሞ «ፓርኪንግ ደጋፊ የለውም» አልክ። ቀልድ መስሎህ ይሆናል፤ ንዴት እንደነበረበትም ገልጸሃል። ይሁንና ሌሊት ቆመው ሠርተው አንተን ኮሌጅ ፓርክ ላስተማሩ ሰው ይህ ቃል «የአንተ መሄድና መቅረት ማንንም አይገደውም» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። አንተ በአሠልጣኙ ምክንያት የተሰማህ ያው ስሜት ነው፤ የማልቆጠር ሆንኩ የሚል።

እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ ወይም ተቀይመውም ቢሆን ሁለት ቲኬት ይዘዋል። የሌሊት ተረኛ ሰው አንድ ምሽት ነፃ ለማድረግ ፈረቃ መለወጥ፣ አለቃ መለመን ሊኖርበት ይችላል። የጨዋታውን ቀን ከፈረንጆቹ ወደ እኛ መልሰው፣ በቤተ ክርስቲያኑ መቁጠሪያ ላይ ከበዓላቱ መካከል ከበውታል። እንግዲህ «ቡድኑን ብተወው ምን አለበት?» ላልከው መልሴ ይህ ነው፤ ቡድኑን መተው ትችላለህ፣ ማንም አይከስህም፤ ግን ከአባትህ ጋር የምትነጋገሩበት ሌላ ሶፋ ሳታበጅ አትተወው። አሁን ያለው ያ ብቻ መሆኑን የጻፍከው ራስህ ነህ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ ቲኬቱን እሳቸው እስኪያነሱ ሳትጠብቅ፣ ከሥራ ሲመለሱ ቁርስ ላይ አግኛቸው። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም፤ ዝምተኛ ሰው ረጅም ይቅርታ ሲሰማ ይጨነቃል። «አባባ፣ ያን ዕለት ስለ ፓርኪንጉ የተናገርኩት ልክ አልነበረም» በላቸውና ተዋት። ምናልባት «ምን ተባለና?» ብለው ያልፉት ይሆናል፤ አንተ ግን ማለትህ ይበቃል። ከዚያ ጨዋታውን አብረሃቸው እንደምትሄድ ንገራቸው። ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነው ቃል የምትገባው፤ ለዓመቱ በሙሉ አይደለም።

አዳራሹ ስትገባ ምን ሊሰማህ እንደሚችል አስቀድመህ እወቅ። ከአምስቱ አንዱንም አታገኝም፤ ኩዊን ኤንቢኤ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጥበት ድራፍት 13ኛ ተመርጦ ኒው ኦርሊንስ ገብቷል፣ ራይስ ወደ ሳዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ጊሌስፒ ወደ ቴነሲ ሄደዋል፣ ሪስና ሚጌል የኮሌጅ ዘመናቸውን ጨርሰዋል። አዲሱ አሠልጣኝ በዝ ዊሊያምስ ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የመጣው ዊላርድ በሄደ በሁለተኛው ቀን ስለሆነ፣ «ይሄኛውስ መቼ ይሄድ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ይመጣብህ ይሆናል። ይምጣ። በመጀመሪያው ምሽት ሰውዬውን መውደድ፣ የተጫዋቾቹን ስም መያዝ አይጠበቅብህም። አባትህ ከአዲሶቹ ልጆች የቱን እንደወደዱ ጠይቃቸው፤ ምክንያታቸውን አዳምጥ። ጨዋታው ካልያዘህ በእረፍቱ እንኳን ብትወጡ ምንም አይደል።

ሲመለሱ መኪናውን አንተ ንዳ። ከኮሌጅ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ አጭር ቢሆንም ከጨዋታ በኋላ ከመኪና ማቆሚያው መውጣት ጊዜ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ተጠቀምበትና እዚህ አገር መጀመሪያ የያዙት ሥራ የት እንደነበረ፣ ለምን እንደለቀቁት፣ ሲለቁ ማን ምን እንዳላቸው ጠይቃቸው። «ስንት ሥራ ለቅቄያለሁ?» ብለው ለጠየቁህ ጥያቄ ቁጥሩን እንኳን አታውቀውም። ዓይን ለዓይን ከመተያየት ይልቅ ጎን ለጎን ተቀምጦ መናገር የሚቀላቸው አባቶች ብዙ ናቸው፤ ሶፋውም የሠራላችሁ በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ምናልባት ስትነግራቸው ቲኬቶቹን ለሌላ ሰው ሰጥተዋቸው ከሆነ ተስፋ አትቁረጥ። በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ከአነስተኛ ኮሌጆች ጋር የሚደረጉት ጨዋታዎች ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ነው። የፈረቃ እረፍታቸው መቼ እንደሆነ እናትህን ጠይቅ፣ ሁለት ቦታ ግዛ፤ ቀኑንም መቁጠሪያው ላይ በዚህ ጊዜ አንተ ክበብ።